አተትና እቴቴ

ባለፈው ዓረፋ ኮምቦልቻ ወርጄ የአክስቴን የዘሀራን ቤት ሳጸዳ፣ ባልዲው ውስጥ በረኪና ጠብ አደረግሁ። ብዙም አይደለም፣ ክዳኗን ሞልታ ብትሆን ነው። አክስቴ አልጋዋ ላይ ጋደም ብላ ሙስበሓዋን፣ የጸሎት መቁጠሪያዋን፣ ትቆጥር ነበር። ሽታው ሲደርሳት ጣቷ ቆመ።

«አንቺ ልጅ» አለችኝ፣ «እቴቴን ጠራሻት እኮ።»

መወልወያውን እንደያዝኩ ቀጥ ብዬ ቀረሁ። ለካ ያ ሽታ የሚያስቆመው እኔን ብቻ አይደለም። ሌላው ሰው ሟቹን በሽቶ፣ በአበባ፣ በወጥ ሽታ ያስታውሳል፤ እኛ በበረኪና። ምን ይደረግ፣ ሰው የደረሰውን ነው የሚያስታውሰው።

እቴቴ በሞተችበት ክረምት ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እናቴ ደሴ ላይ ለመውለድ ቀኗ ደርሶ፣ እኔ ደግሞ አፌም እግሬም አላርፍ ብሎ፣ «እስቲ አክስትሽ ጋ ውረጂና ክረሚ» ተባልኩ። ለደሴ ልጅ ኮምቦልቻ መውረድ ማለት ሹራብ ማውለቅ ማለት ነው። ሚኒባሱ የሐረጎን ቁልቁለት እየተጠማዘዘ ሲወርድ ጆሮዬ ይደፈናል፤ በሩ ሲከፈት ደግሞ ሙቀቱና ዝንቡ፣ የቦርከና ወንዝም የጭቃ ሽታ ተጋፍተው ይገባሉ።

አክስቴ ለሰፈሩ ቅሬ የሴቶች አጣቢ ነበረች። ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ ሰው ሲሞት ጀናዛውን የሚያነሳ፣ የቀረውን የሚያጽናና። ሴት ስትሞት አክስቴን ይጠሯታል፣ አሮጌ ቀሚሷን ለብሳ ሳሙናዋን ይዛ ትሄዳለች። እኔ ግን «ዘሀራ አጣቢ ናት» ሲባል ልብስ አጣቢ መስሎኝ ነበር። ልብስ ልታጥብ የሄደችበት ቤት ሁሉ ሰው ለምን እንደሚያለቅስ አይገባኝም። ልብሱ ብዙ ስለሆነ ይሆናል እያልኩ አዝንላት ነበር።

እቴቴ ደግሞ ጎረቤታችን ነበረች። እውነተኛ ስሟ ፋጡማ መሆኑን የሰማሁት ከሞተች በኋላ ነው። ከአጥሩ ወዲያ ትኖራለች፣ ሰላጣና ቆስጣ እያሰረች ገበያ ትወስዳለች፣ ባሏ ሞቷል፣ ልጆቿ ጅዳ ናቸው። በር የሚባል ነገር አታውቅም። ሳታንኳኳ ትገባለች፣ ድስት ትከፍታለች፣ «ጨው አንሶታል» ትላለች፣ ትወጣለች። ከሁሉም ቤት እንዲሁ ነበረች። የኛ ቤት ግን መቀመጫዋ ነው። ከበራችን አጠገብ ታዛው ስር፣ ግድግዳውን ተደግፋ እግሯን ዘርግታ መሬት ላይ ትቀመጣለች። አክስቴ በርጩማ ስትሰጣት እምቢ ትላለች። «በርጩማ ላይ ከተቀመጥኩማ እንግዳ ሆንኩ» ነበር መልሷ። ከመቀመጥ ብዛት መሬቱ የሷን ቅርጽ ይዞ ሰርጎድ ብሎ ነበር፤ ዶሮዎቹ እንኳ የሷ መሆኑን አውቀው አይተኙበትም።

ሁለቱ ቀኑን ሙሉ ይነታረካሉ። ስለ ቆስጣ አቆራረጥ፣ ስለ ሞቱ ሰዎች ዕድሜ፣ ስለማንኛውም ነገር። አንድ ነገር ላይ ብቻ ተስማምተው ነበር። ቀድማ የሞተችውን የቀረችው ታጥባታለች። ይህን እንደ ቀልድ አድርገው ነው የሚያወሩት። «ስታጥቢኝ ጀርባዬን ደህና አድርገሽ እሺ» ትላታለች እቴቴ፣ «እዚያ እጄ አይደርስም፣ ዕድሜ ልኬን እንዳሳከከኝ ነው።» አክስቴም ያንቺ ጀርባ ሳሙና ይጨርሳል ትላታለች። እኔ ያኔም ስለ ቀሚሷ ጀርባ የሚያወሩ ይመስለኝ ነበር።

ሐምሌ ገባ። አንድ ጠዋት ሞንታርቦ የጫነች ባጃጅ በሰፈሩ ትዞር ጀመር። ሞንታርቦው ያፏጫል፣ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይንጫጫል፤ ከሁለቱ መሃል ለኔ የደረሰኝ ይህ ነው፦ እቴት ከቤት ወደ ቤት እየገባ ነው፣ እቴት ገዳይ ነው፣ ያየ ሰው ለቀበሌ ያሳውቅ። ያሉት አተት ነበር። አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት፣ ሲያጥር አተት። እኔ ቃሉን በዕድሜዬ ሰምቼው አላውቅም። ሳያንኳኳ ከቤት ወደ ቤት የሚገባ የማውቀው ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ነው። እንደ ወንድ «እየገባ» ማለታቸው ትንሽ ገርሞኝ ነበር፤ የመንግሥት አማርኛ እንደዚያ ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

እየሮጥኩ ሄጄ ለአክስቴ እቴቴን መንግሥት እየፈለጋት ነው አልኳት። እቴቴ ራሷ ታዛችን ስር ተቀምጣ ቆስጣ ታስር ነበር። ምን አጥፍቼ ነው ብላ ጠየቀችኝ። ከቤት ወደ ቤት ስለምትገቢ ነው፣ ገዳይ ነሽ ብለዋል አልኳት። ከዚያ ባጃጇ ተመልሳ መጣችና እነሱም ሰሙት። ያ ሳቅ! እቴቴ ቆስጣው ላይ ተደፋች፣ አክስቴ ግድግዳውን ይዛ «ያረቢ፣ ያረቢ» ትላለች። እኔ አኩርፌ ቤት ገባሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እቴቴ በራችን ስትደርስ «አተት መጣሁ» ትላለች። አክስቴ ከውስጥ «ወግጅልን፣ ታጥበናል» ትመልሳለች። ይሄ በየጠዋቱ ነው። እንደዚያ ሳይባባሉ ቀኑ የሚነጋላቸው አይመስልም ነበር።

የቀበሌው ሊቀመንበር ሕዝቡን ሰበሰበና ኮሌራ የሚባል ነገር የለም፣ ያለው አተት ነው፣ ሌላ ስም የሚያወራ ሰው ሕዝብ የሚያሸብር ነው አለ። አክስቴ በልጅነቷ ይህንኑ በሽታ አይታዋለች፤ ያኔ «ያ ነገር» ነበር ስሙ። ከኋላ ተቀምጣ፣ ድምጿን ዝቅ ሳታደርግ፣ «ስም ካወጣችሁለትማ አቂቃውን እረዱለት» አለች፤ ሕፃን ስም ሲወጣለት የሚታረደውን በግ ማለቷ ነው። ሕዝቡ ሳቀ። ሊቀመንበሩ አልሳቀም።

እኔ ሰውየውን ክፉ ነው ብዬ ያዝኩት። እቴቴ ግን ወደ ቤት ስንመለስ አዘነችለት። ኮሌራ ገባ ከተባለ ደሴ ላይ የኛን አትክልት የሚነካ አይኖርም፣ ሾፌሩም ፋብሪካውም ይሸሻል፣ እሱም ከላይ የሚቆጣው አለ፣ የፈራ ሰው ነው አለች። ስሙን ደበቁት፣ ሰላጣዋ ግን ከመከራ አልዳነችም። ጥሬ አትክልት ተከለከለና ገበያ የወሰደችውን ጭነት በሙሉ አፈሰሱባት። ባዶ ማዳበሪያዋን አጥፋ መጥታ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። አክስቴ ያን ቀን አልተነታረከቻትም።

ከዚያ በኋላ ክልከላው ተከታተለ። ለቅሶ ላይ መሰብሰብ ቀረ፣ ቅሬው መቀመጥ ቀረ። ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ትልቅ ነጭ ድንኳን ተተከለ። እኔ ሰርግ ነው ብዬ የሙሽራዋን መምጣት ስጠብቅ ዋልኩ። የመጣችው ሲስተር ትዕግሥት ነበረች፤ ከእግሯ የሰፋ ነጭ ቦቲ ያደረገች፣ ከደሴ የተላከች ወጣት ነርስ። ቤት ለቤት እየዞረች እጅ መታጠብ ታስተምራለች። እኔን በጣም ወደደችኝ፣ እኔም ሰውን ሁሉ ታጠቡ እያልኩ የማሰቃይ ሆንኩ። አክስቴን ግን ለብቻ አስቀምጣ፣ አንገቷን ደፍታ፣ በዚህ በሽታ የሞተ ሰው አይታጠብም አለቻት። ከሬሳው ላይ የሚወርደው ውሃ በሽታውን ይዞ ይሄዳል፤ በረኪና ተረጭቶ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ነው የሚቀበረው። እኔም ከበሩ ኋላ ሆኜ ሰማሁ። አጣቢ ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው፤ ገብቶኝም አክስቴን እንደ አዲስ ሰው አየኋት።

ወሬው ወዲያው ተዳረሰ። ድንኳን የገባ ሳይታጠብ፣ ከፈን ሳይለብስ፣ ባለቦቲዎች ያነሱታል ተባለ። ሰው በሽታውን ሳይሆን ድንኳኑን መፍራት ጀመረ። ተዘግቶ የማያውቅ በር ተዘጋ፣ የታመመውን ጓዳ አስተኝቶ «ደሴ ሄዷል» ማለት መጣ። ባጃጇ ብትጮህ ብታፏጭ ማን ይሰማታል።

አንድ ጠዋት «አተት መጣሁ» የሚል ጠፋ። አክስቴ ደጋግማ ወደ በሩ አየች። ፀሐይ ወጣ፣ ታዛው ባዶ ነው። አጥሩን በጎን በኩል አልፋ ሄደች፣ እኔም ተከተልኳት። የእቴቴ በር ከውስጥ ተወርውሯል። አክስቴ ብዙ ከጠራቻት በኋላ እየተሳበች ከፈተችልን። ዓይኗ ወደ ውስጥ ገብቷል። እጇን አየሁት፤ ጣቶቿ ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ እንደዋለ እጅ ተጨማደዋል። ልብስ ስታጥብ አድራ ነው የደከማት ብዬ አሰብኩ። አሁን የበሽታው ምልክት መሆኑን አውቃለሁ፤ እጇን ሳስብ ግን ዛሬም መጀመሪያ የሚመጣብኝ ያ የልጅነት ሐሳቤ ነው።

አክስቴ ሲስተርን ልጥራ አለች። እቴቴ ቀሚሷን ያዘቻት።

«ሳልታጠብ እንደ ውሻ ልቀበር ነው ዘሀራ?»

አክስቴ መከልከሉን ታውቃለች። እቴቴ ቤት ከቀረችም እንደምትሞት ታውቃለች።

«ታጥበሽ ነው የምትቀበሪው። እኔ ነኝ የማጥብሽ» አለች።

«ወላሂ በይ።»

«ወላሂ።»

ያን ጊዜ የእቴቴ እጅ ቀሚሱን ለቀቀ። አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ፣ አለቻት፤ አክስቴም አፉ ብዬሻለሁ፣ አንቺም አፉ በይኝ አለቻት። ሲነታረኩ የኖሩትን ሁሉ በአንድ አፍታ ጨረሱት። ከቅሬው ወንዶች ያልፈሩት መጥተው በቃሬዛ ድንኳን ወሰዷት። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አልቅሼ ነበር፤ ትድናለች፣ አብሽሪ አሉኝ።

አልዳነችም። ዘግይታ ነበር። በማግስቱ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ አንድ ሰው አጥሩ ጋ ቆሞ፣ ወደ ግቢያችን ሳይገባ፣ መሞቷን ለአክስቴ ነገራት። አክስቴ አሮጌ ቀሚሷን ለበሰች፣ ሳሙናዋን ያዘች። አንቺ ከዚህ እንዳትነቃነቂ አለችኝ። እኔ ደግሞ ተነቃነቅሁ፤ ከኋላዋ በዛፍ በዛፍ እየተደበቅሁ ሄድኩ።

ድንኳኑ ዙሪያ ገመድ ተወጥሯል። ሲስተር ትዕግሥት ወጥታ እትዬ ዘሀራ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አይቻልም አለች። ዓይኗ ቀልቷል። አክስቴ አልተጣላቻትም። ገመዱ ፊት ጭቃው ላይ ተቀመጠችና ወላሂ ብያለሁ አለች፣ በቃ። ሊቀመንበሩ መጣ፣ ተቆጣ፣ ለመነ። ሰው ከየቤቱ እየወጣ ራቅ ራቅ ብሎ ቆመ። በየጓዳው የተደበቀ ሕመምተኛ ያለው ሁሉ የዚህን ነገር መጨረሻ ሊያይ ነው የመጣው። ይህን ያኔ አላውቅም፤ እኔ ዝናብ ከሚመታቸው ለምን አይገቡም እያልኩ ነበር።

ሸህ ሰይድ ተጠርተው መጡ፤ የሰፈሩ መስጊድ አሰጋጅ ናቸው። ሊቀመንበሩን አላዩትም። ዣንጥላቸውን ለአክስቴ ሰጥተው ወደ ሲስተር ዞሩና የሚጎዳው ውሃው ነው ወይስ መንካቱ ብለው ጠየቁ። ሁለቱም ነው አለች ሲስተር፤ የከፋው ግን የሚፈስሰው ውሃ ነው። አሰበችና፣ ጓንት ካደረጉ፣ ያለ ውሃ ፊቷንና እጇን ብቻ ከነኩ፣ እኔም አብሬ ከገባሁ፣ እሺ እላለሁ አለች። ሸሁ በቀስታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ውሃ የሚገድል ከሆነ ተየሙም አለ። አፈር ይበቃል።»

ተየሙምን አውቀዋለሁ፤ መንገደኛ ውሃ ሲያጣ በንጹሕ አፈር እጁንና ፊቱን አብሶ ይሰግዳል። ለሞተ ሰው መሆኑን ግን አላውቅም ነበር። ሲስተርም ትምህርት ቤቱም አፈር ቆሻሻ፣ ውሃ ንጹሕ ብለው አስተምረውኛል። አሁን ውሃው ገዳይ፣ አፈሩ አጣቢ ሲሆን ዓለም ተገለባበጠብኝ።

አክስቴም ወዲያው አልተነሳችም። «ያ ማጠብ ነው ሸሁ? እኔ አጥብሻለሁ ብዬ ነው የማልኩት።»

«ውሃ ለተከለከለ ማጠብ ነው፣ ዘሀራ። መሐላሽ ይደርሳል።»

ሁሉም ወደ ሊቀመንበሩ ዞረ። እሱ ሰዉን አየ፣ ድንኳኑን አየ። «እኔ የሰማሁት ነገር የለም» አለና ጀርባውን ሰጥቶ ሄደ። የበሽታውን ስም እንደደበቀው ይህንንም ስም ሳይሰጠው አለፈ። ስንት ጊዜ አምቼዋለሁ፤ ለዚያች ጀርባው ግን አላህ ይስጠው እላለሁ።

ችግሩ አፈሩ ነበር። ክረምት ነው፣ ከዳር እስከ ዳር ጭቃ ነው። ሰዎቹ ግራ ቀኝ ሲያዩ አክስቴ ሳትዞር «መሬሜ» ብላ ጠራችኝ። ለካ መምጣቴን ከመጀመሪያው ታውቃለች።

«ከታዛችን ስር፣ እቴቴ ከምትቀመጥበት። ዝናብ ያልነካውን።»

እንደዚያ ሮጬ አላውቅም። የወተት ዱቄት ቆርቆሮ አገኘሁና በማንኪያ ቆፈርኩ። ላዩን ገፍቼ ከስሩ ያለውን፣ ደረቁን፣ እንደ ዱቄት የላመውን ሞላሁ። ሰርጎድ ያለው ቦታ ላይ ደግሞ ጉድጓድ ሆነ። ሻርፔን አውልቄ ቆርቆሮውን ሸፈንኩት፣ ደረቴ ላይ አቅፌ ዝናቡን በጀርባዬ እየተቀበልኩ ተመለስኩ። አንድ ጠብታ አልገባበትም። ሲስተር ገመዱ ጋ ተቀበለችኝና ጉንጬን ሳትነካ በዓይኗ ሳመችኝ።

አክስቴን ጓንትና የላስቲክ ሽርጥ አለበሷት። ገባች። እኔ በሸራው ጀርባ ዞሬ ቆምኩ፤ የበረኪናው ሽታ በሸራው ቀዳዳ እየወጣ ዓይኔን ያቃጥለኝ ነበር። ከዚያ የአክስቴን ድምፅ ሰማሁ፤ ታዛው ስር የምታወራበት ድምፅ ነው።

«እቴቴ፣ ዘሀራ ነኝ። መጣሁ።»

ቢስሚላህ አለች። ለስለስ ያለ መታ መታ ሰማሁ፣ እጇን አፈሩ ላይ ስታደርግ ነው። ከዚያም ዱዓዋን በሹክሹክታ ቀጠለች። መጨረሻ ላይ እንዲህ አለቻት።

«ጀርባሽን ግን አልደረስኩበትም። አፉ በይኝ።»

ስትወጣ ሲስተር እጇንም ቦቲዋንም በረኪና ረጨችባት። ሁለቱም እያለቀሱ ነበር። ቤት ስንደርስ ውሃ አስታጠብኳት፤ በሳሙና ቁጭ ብላ ታጠበች፣ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ «በደንብ ታጠቢ» አላልኳትም።

ፈቀድን ብሎ ያወጀ የለም፣ ከለከልን ያለም የለም። ባጃጇም ስለዚህ አልተናገረችም። ግን በዚያው ማምሻ የተዘጋ በር ሲከፈት አየሁ፣ ከዚያም ሌላ። ሰዎች ከየጓዳው ሕመምተኛቸውን አውጥተው በጊዜ ወደ ድንኳኑ ያደርሱ ጀመር፤ ብዙዎቹም በእግራቸው ተመለሱ። ላልተመለሱት አክስቴ ቆርቆሮዋን ይዛ ትሄዳለች። ለነሱ አፈሩን ከየራሳቸው ቤት ታዛ ስር አምጡ ትል ነበር። ከእቴቴ ቦታ ግን ዳግመኛ አላስቆፈረችም።

መስከረም ላይ እናቴ ሕፃኑን አዝላ ወስዳኝ ሄደች። ስንወጣ የቆፈርኳት ጉድጓድ እንደነበረች ናት። ዶሮዎቹ አሁንም አይተኙበትም ነበር።

ባለፈው ዓረፋ ወለሉን ስወለውል እዚያች ቦታ ደረስኩ። ግቢው ከጊዜ በኋላ ሲሚንቶ ሆኗል፣ ታዛውም ጭምር። ከበሩ አጠገብ ያለችው አንዲት ሰርጓዳ ብቻ አፈር ናት፤ ግንበኛው ሊሞላት ሲል አክስቴ በምርኩዟ አስቁማዋለች። አጎንብሼ ነካኋት፤ ደረቅ ናት፣ የላመች።

አክስቴ ከአልጋዋ ሆና ታየኝ ኖሯል። ሙስበሓዋን አስቀመጠች።

«የኔን ነገር» አለች፣ «ውሃ ካለ በውሃ ነው፣ ጀርባዬን ደህና አድርገሽ። ከጠፋም አብሽሪ፣ አፈሩ የት እንዳለ አንቺ ታውቂያለሽ።»

አውቃለሁ አልኳት።